ኡበይደላን አትረብሹት

አንድ ሕዝብ ለትምህርት ያለውን ክብር መመዘን የሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ጊዜውን አያባክን። ፈተና የደረሰበት ልጅ ያለበትን ቤት ይጎብኝ። በዚህ ረገድ እኛን አዳማዎችን የሚስተካከል የለም። ፈተናው ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ቢሆንም ዝግጅቱን የሚያካሂደው መላው ሰፈር ነው፤ ከኢተያና ከቆቃም ድጋፍ ይመጣል።

የዙለይካ ልጅ ኡበይደላ ማኔጅመንት ነው የተማረው። ማኔጅመንት ማለት ጊዜንና ሰውን በአግባቡ የመምራት ጥበብ መሆኑን በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አሥራ አንድ ጊዜ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፏል። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር ተፈትኖ አርባ ሦስት አመጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። እሱ ይህን መውደቅ ብሎ አልጠራውም፤ «የሰባት ነጥብ ክፍተት» አለው። እናቱ ግን አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቋ ቁጭ ብላ «ልጅሽ ተመረቀልሽ ወይ?» ባሏት ቁጥር የሌለ ዕቃ ፍለጋ ከመደርደሪያው በታች ማጎንበስ ከጀመረች ወራት ተቆጥረዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጁን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። ያለዚያ ፈተና ደግሞ ዲግሪ የሚባል ነገር አይሰጥም።

ሁለተኛው ዙር አሥር ቀን ሲቀረው ዙለይካ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይቺን አንዴ እለፍልኝ፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን እያየሁ ነው ስኳር የምሸጠው።»

የኡበይደላ ልብ ተነካ። እውነት ለመናገር ዕንባም መጥቶበት ነበር። እንዲህ ልቡ የተነካ ሰው ደግሞ ዘሎ ደብተር አይከፍትም፤ መጀመሪያ ዕቅድ ያወጣል።

ዕቅዱ ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ እሑድ ከሰዓት ተጠናቀቀ። የተሠራው በአራት ቀለም ነበር፤ ቀዩ ለከባድ ምዕራፍ፣ ሰማያዊው ለቀላል ምዕራፍ፣ አረንጓዴው ለክለሳ፣ ቢጫው ለዕረፍት። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ራቅ ብለው ሲያዩት አብዛኛው ቢጫ ነው። የአራት ዓመቱን ትምህርት በመቶ ሃምሳ ገጽ ያሳጠረ ሞጁልም ከክፍሉ ጎበዝ ልጅ ኮፒ አስደርጎ አመጣ። በፕላስቲክ ለበደው፣ ስሙን ጻፈበት፣ ትራስጌው አስቀመጠው። ከዚያ፣ የሠራ ሰው ማረፍ ይገባዋልና፣ አረፈ።

ዙለይካ በዚያው ቀን አንድ ጥንቃቄ አደረገች። ኢተያ ለምትኖረው እህቷ ለሑስና ደውላ፣ «ኡበይደላ ለፈተና እያጠና ነው፤ ማንም መጥቶ እንዳይረብሸው ለዘመድ አዝማዱ ንገሪልኝ» አለቻት። ሑስና ነገረች። ዘመድ አዝማዱም ሰማ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ልጁ ፈተና እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን እያወቁ መቅረት ነውር ሆነ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የደረሰችው ራሷ ሑስና ናት።

«አልረብሸውም» አለች ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች። «መርቄው ብቻ ነው የምወጣው።»

ምርቃቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። መውጣቱ ግን እስከ ዓርብ ቆየ።

ቀጥለው የገቡት ጎረቤቱ ጋሽ ገብረወልድ ነበሩ። ጋሽ ገብረወልድ ከአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊነት በጡረታ ቢገለሉም ሥራ ፈት ግን አይደሉም፤ ይመክራሉ።

«ልጅ ኡበይደላ፣ ጊዜህን አልሻማም» አሉ ወንበር እየሳቡ። «ሦስት ነጥቦች ብቻ አንሥቼ እወጣለሁ።»

«ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ ሻይ ይምጣልዎት» አለ ኡበይደላ ሞጁሉን በደስታ እየዘጋ።

ከሦስቱ ነጥቦች ዋነኛው የጊዜ አጠቃቀም ነበር። ተማሪ እያንዳንዷን ደቂቃ ሳያባክን መጠቀም እንዳለበት ለሁለት ሰዓት ከሩብ አብራሩለት።

ማክሰኞ ጓደኛው ጋሮምሳ መጣ። እሱም ሁለተኛ ዙር ተፈታኝ ነው። «ቤት ውስጥ ቴንሽን ላይ ሆነህ ያነበብከው አይገባህም» አለው። «ሶደሬ ሄደን ፈታ ብለን ግሩፕ እናጥና።» ሄዱ። ፍል ውኃው ውስጥ ሰውነታቸውን አፍታቱ፣ ቀጥሎ ጭንቅላታቸውን ለማፍታታት ጥብስ በሉ። ሞጁሉም አብሯቸው ሄዶ አብሯቸው ተመለሰ። ጠብታ ውኃ ሳይነካው መመለሱ በጥንቃቄ ለመያዙ በቂ ማስረጃ ነው፤ ከቦርሳ አልወጣም።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ አንድ ዘመድ ከቆቃ ዓሣ ይዞ መጣ፤ ዓሣ ለጭንቅላት እንደሚጠቅም በራዲዮ ሰምቷል። ዓሣው እስኪጠበስ ተጨዋወቱ፣ ተጠብሶም ተጨዋወቱ፣ ጭንቅላት መጠናከሩን ለማየትም እንዲሁ ትንሽ ተጨዋወቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኡበይደላ እንቁላል ግን እስከ ረቡዕ ምሳ ድረስ ገና ሞቅ ብሎት ተኝቶ ነበር።

«እንዴት ብዬ ነው እኔ በዚህ ቤት የማጠናው!» እያለ በጣም ተማረረ። ያስለቀሰ ምሬት ነው። ብቻ አንድ ነገር ለታሪክ ይመዝገብ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከእናቱ ቀድሞ ዘሎ የሚከፍተው እሱ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሳይንኳኳ ሲቀርም ወጣ ብሎ ያያል።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሦስቱ ተቀምጠው መከሩ።

«ወጥቷል እንበላቸው?» አለች ዙለይካ።

«እስኪመለስ እንጠብቀዋለን ይላሉ» አለች ሑስና።

«ተኝቷል ብንልስ?»

«በዚህ ፈተና ሰዓት? ቀስቅሺው ይሉሻል።»

«ታሟል በሏቸው» አለ ኡበይደላ። «የታመመ ሰው አይረበሽም።»

«ወላሂ አላደርገውም! ሟርት!»

«ትንሽ ነው፣ እማ። ራሴን ብቻ አመመኝ።»

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናደንቀው ይገባል። አዳማ ተወልዶ፣ አዳማ አድጎ፣ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት በዓይኑ እያየ ኖሮ ይህን ሐሳብ ማመንጨት የሚችል ሰው ማኔጅመንት የተማረ ብቻ ነው።

ራስ ምታቱ ከግቢው ሲወጣ ራስ ምታት ነበር። ሱቆቹ ጋ ሲደርስ ታይፎይድ ሆነ። መናኸሪያውን አቋርጦ ሲመለስ «ልጁ በንባብ ብዛት አእምሮው ተነክቷል» ሆኖ ገባ። ሐሙስ ጠዋት ጫማ ከበሩ አልፎ እስከ ውኃ ቧንቧው ተደረደረ። ብርቱካን መጣ፣ አጥሚት መጣ፣ ዶሮ ከነነፍሷ መጣች። ኡበይደላ በዚያ የአዳማ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ተጋደመ፤ ያላበው ላብ ለበሽታው ምስክር ሆነ።

«ይኸው ትኩሳቱ!» አሉ አንዲት እናት ግንባሩን ነክተው።

«መጽሐፍ ነው የጎዳው» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። ትራስጌው ያለውን ሞጁል በጣታቸው አመለከቱ። «ይህ ሰነድ ከታማሚው አካባቢ በአስቸኳይ ይወገድ!»

ሰነዱን የምታስወግድ ሰው ተፈለገች። በሩ አጠገብ ጥግ ይዛ የተቀመጠችው ቢሊሴ ተነሣች። ቢሊሴ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የምትውል ልጅ ናት። ቅዳሜና እሑድ ማኔጅመንት ትማራለች፤ ሰኞ ያንኑ ፈተና ትፈተናለች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፤ የሚመርቃትም የሚመክራትም ሰው አልመጣባትም።

«አካም ጅርታ፣ ኡቤ?» አለች ዝቅ ብላ። «እስኪሻልህ እኔ ጋ ይቀመጥ?»

«ውሰጂው» አለ ኡበይደላ ከጋቢው ውስጥ። ድምፁ የደከመ ቢመስልም ሸክም የወረደለት ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ምርቃት ተጀመረ። ሁሉም እጁን ዘረጋ።

«አላህ አፊያህን ይመልስልህ!»

«ሰኞን በሰላም ያውልህ!»

«ያነበብከውን አያስረሳህ!»

ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በቀላሉ የሚፈጸም ነበር፤ የሚረሳ ነገር አልነበረውም። አሚን ማለት የተመራቂው ወግ ነው። ኡበይደላ ግን በሁለተኛው ምርቃት ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ምርቃቱ መሬት እንዳይወድቅ ቢሊሴ ሞጁሉን ታቅፋ፣ አዋቂዎቹን አክብራ፣ በእያንዳንዱ ላይ «አሚን» አለች። ሩብ ሰዓት ተቀምጣ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የዙለይካ ትዕግሥት አለቀ። እንግዳ የሞላበት ሳሎን መሃል ቆማ፣ ፊቷ እየቀላ፣ «ልጄ ድኗል። የምትወዱኝ ውጡልኝ» አለች። በዚህ ሰፈር እንግዳ አስወጥቶ በሰላም የኖረ ሰው የለም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ሰዉ እየተያየ ወጣ። ሑስና አኩርፋ ሻንጣዋን አነሣች። ዙለይካ ሱቋን ዘግታ፣ ኩርሲ አውጥታ፣ ግቢው በር ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነሣችም።

ኡበይደላ ሲጮህለት የከረመውን ጸጥታ አገኘ። ደነገጠ። የድሮ ደብተሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፤ ምን እንዳነበበ ስላላወቀ ደገመው። የሚያንኳኳ ሰው ይኖር እንደሆነ ጆሮውን ጣል አደረገ። የለም። ውኃ ጠጣ፣ ጥፍሩን ቆረጠ፣ «በሦስት ቀን ለፈተና እንዴት እንዘጋጅ» የሚሉ ቪዲዮዎችን እስከ እሑድ ከሰዓት ድረስ በትጋት ተመለከተ። ሞጁሉን ከቢሊሴ ላምጣ ብሎም አስቦ ነበር። ግን ልጅቷ እያነበበች ከሆነስ? ሰው ሲያጠና መረበሽ ነውር ነው ብሎ ተወው።

ሰኞ ተፈተነ። ውጤቱ ሲወጣ ኡበይደላ አርባ አንድ፣ ቢሊሴ ሰባ አራት አመጡ።

ዙለይካ ውጤቱን ሰምታ ሱቋን ከፍታ ገባች፤ ደንበኛ «ልጅሽስ?» ሲላት ማጎንበሱንም ተወችው፤ «ወደቀ» ብላ ስኳሩን መዘነች። ልቧ ተሰብሮ ነበር።

ኩርፊያውን ሽማግሌ አበረደው፤ ሑስናና ጋሽ ገብረወልድ በሚቀጥለው እሑድ ዙለይካ ሳሎን ለግምገማ ተሰበሰቡ።

«ያ ሁሉ ሰው መርቆት እንዴት ይወድቃል?» አለች ሑስና። አሰበች። ከዚያ ጭኗን መታች። «አሚን ያለው ማነው? እስቲ ንገሩኝ፣ ማነው አሚን ያለው?»

በጣቷ ወደ ቢሊሴ ክፍል አመለከተች።

«ያቺ ልጅ! እሱ ተኝቶ ነበር! በጠራራ ፀሐይ የልጃችንን ምርቃት ወስዳ ሄደች!»

«ትክክለኛ ግምገማ ነው» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። «ምርቃቱ በበቂ መጠን ቀርቧል። ክፍተቱ የታየው ርክክቡ ላይ ነው።»

ኡበይደላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፊቱ ፈካ። ዕንቆቅልሹ ተፈታለት፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለሦስተኛው ዙር ዘመዶች ሁሉ በድጋሚ እንዲጠሩ፣ ተፈታኙም ሳሎን መሃል በአካል ተገኝቶ ምርቃቱን ራሱ እንዲረከብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ልምምዱም እዚያው ተጀመረ።

«ያሰብከው ይሙላልህ!» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

«አሚን!»

«ከሆድህ አውጣው!»

«አሚ-ን!»

በዚህ መሃል ቢሊሴ ሞጁሉን ልትመልስ ገባች። ሑስና «ምርቃት ይቁም!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ እስክትወጣ ድረስ በቤቱ ውስጥ አንድም መልካም ቃል አልተነገረም። ቢሊሴ ግራ ገብቷት ሞጁሉን ለዙለይካ አቀበለችና «አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ» ብላ ወጣች።

ዙለይካ ሞጁሉን ገለጠችው። ጠርዙ አልቋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ የመኪና መንገጫገጭ ያጣመመው ጽሑፍ አለ፤ ወደ ሥራ በሚያመላልሳት ሰርቪስ ውስጥ የተጻፈ ነው። ዙለይካ መሃሉን ከፍታ ለልጇ ዘረጋችለት።

«ኡቤ፣ ይኼን ገጽ ከዚህ በፊት አይተኸው ታውቃለህ?»

ኡበይደላ ገጹን አየው። ጋሽ ገብረወልድን አየ፣ አክስቱን አየ። የዙለይካ ዓይኖች ዕንባ አቀረሩ።

«አላህ ልብ ይስጥህ፣ ልጄ» አለች።

ኡበይደላ ይቺኛዋ እንዳታመልጠው ፈጠን ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ «አሚን!» አለ።

«በዚሁ ቀጥል» አሉት ጋሽ ገብረወልድ።