ለሀያት የሚሆን አፕ

ስልክ የያዘ ሰው ብቻውን አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። በኮሮና ጊዜ ኩዌት አልነበሩማ! እኔ ጃብሪያ ውስጥ፣ ዘጠኝ ነፍስ በሚተራመስበት ባለሦስት ፎቅ ቤት፣ ስልኬን ጨብጬ ብቻዬን ነበርኩ።

ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ አይደል? ሰዓት እላፊ ታወጀ። አይሮፕላን ቆመ። አርብም ቀረች። ለእናንተ አርብ ምናችሁም ላትሆን ትችላለች። ለኛ ግን የዕረፍት ቀናችን ናት፤ ከሀበሻ ጋር ተገናኝተን በአማርኛ እስኪበቃን የምንስቅባት። የምሠራላት ማዳም ደግሞ በመንግሥት አዋጅ ላይ የራሷን ጨመረችበት፤ ከዚህ በር የወጣ አይመለስም አለች። ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ። ፈሪ ናት። የዳቦውን ላስቲክ በበረኪና፣ ሎሚውን በሳሙና ታሳጥበኝ ነበር። ሽንኩርት በሳሙና አጥቦ ያለቀሰ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

እግሬ አልቀመጥ አለኝ። የወለወልኩትን መስኮት እንደገና እወለውላለሁ። ልብስ ላሰጣ ሰገነት እወጣለሁ፤ ልብሱ ደርቆም አልወርድም። ወዲያ ማዶ ሳይ እንደኔው ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች በየሰገነቱ ቆመዋል። እጅ እናወዛውዛለን፣ እንገባለን። ደግሞ ተመልሰን እንወጣለን።

የሚያቁነጠንጠኝ ግን መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ መስከረም ላይ ያልቃል። ማዳም በሳምንት አንዴ ትጠይቀኛለች፤ ላሳድስልሽ ወይስ አገርሽ ትገቢያለሽ? እናቴ ደግሞ ከወሎ ትደውልና ስለ ዝናቡ፣ ስለ በጎቹ አውርታ ስታበቃ፣ የጎረቤት ልጅ ሦስተኛዋን መውለዷን ጣል ታደርጋለች። ጣል ነው ያልኩት። ድንጋይም ጣል ይደረጋል። ስለዚህ ለራሴ ቀን ቆረጥኩ። እስከ መስከረም ቁም ነገር ያለው ሰው ካገኘሁ እዚሁ እቆያለሁ። ካጣሁ አገሬ ገብቼ እናቴ ያጨችልኝን አገባለሁ። ቆሞ ቀር ከመባል ይሻላል።

ታዲያ ከቤት ሳይወጡ ባል ከየት ይገኛል? ከስልክ ነዋ!

ይህን የመከረችኝ ጓደኛዬ ሰዓዳ ናት። እሷም የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ሩማይሲያ ሰፈር የምትሠራ። ምላሷ ሰው አይምርም። ማዳሟ ስትተኛ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። አፕ እንደ ጫማ ነው አለችኝ፤ ልክሽን ሳታውቂ ብታጠልቂ ይልጥሻል። መጀመሪያ ባህሪሽን እወቂ፣ ቀጥሎ የምትፈልጊውን እወቂ፣ ከዚያ አውርጂ።

አወረድኩ። የመጀመሪያው አፕ መቶ ጥያቄ ጠየቀኝ። የዕረፍት ቀንሽን እንዴት ታሳልፊያለሽ? የትኛውን የዕረፍት ቀን? ጉዞ ትወጃለሽ? ከወጥ ቤት እስከ ሰገነት በቀን ሃያ ጊዜ። ንቁ የምትሆኚው በጠዋት ነው በማታ? ማዳም እንደጠራችኝ ነው። የቤት እንስሳ አለሽ? የማዳም ድመት አለች፤ ማን የማን እንስሳ እንደሆነ ግን እስካሁን አልለየንም። ሁሉንም ስጨርስ አፑ አስቦ አስቦ ባህሪዬን ነገረኝ። ጀብደኛ ነሽ አለኝ። ሽንኩርት በሳሙና የማጥበውን ሴትዮ!

ሁለተኛው ደግሞ ሴቷ ቀድማ ካልተናገረች ወንዱ ትንፍሽ የማይልበት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ "ሰላም" ብዬ እየጻፍኩ አጠፋሁ። በኛ አገር ሽማግሌ ተልኮ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ተመላልሶ ነው ሴት የምትጠየቀው። እዚህ እኔው ሙሽራ፣ እኔው ሽማግሌ ልሁን? ተውኩት። ሦስተኛው የሀበሾች ነበር። እዚያ ሰላም ሳይሉኝ የየት አገር ፓስፖርት እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ኢሚግሬሽን የገባሁ መሰለኝ።

አራተኛው ለትዳር ብቻ ነው። ቀልድ የለ፣ ጨዋታ የለ፣ ወንዶቹ ቁም ነገረኞች። መታወቂያሽን አሳዪ ይላል፣ ፊትሽን አሳዪ ይላል። ለፍላጎቴ በልኬ የተሰፋ አፕ አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበረች። አፑ የሙስሊሞች ነው። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ።

አሁን ነገሩን ልንገራችሁ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አስናቀች ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ስል ደላላው ስሜን ሰማና ይሄ ስም አይበርም አለኝ። አስናቀች አይሮፕላን ላይ አትወጣም ማለቱ ነው። ሀያት ብሎ ፓስፖርት አወጣልኝ። እንደኔ ስሟን አገሯ አስቀምጣ የመጣች ስንት አለች! ማዳም ክርስቲያን መሆኔን ታውቃለች፣ ጉዳይዋም አይደለም፤ ግን የኢቃማ ካርዴ ሀያት ስለሚል ሀያት ትለኛለች። አፑም ካርዴን አየና እንኳን ደህና መጣሽ ሀያት አለኝ። አይ፣ አስናቀች ነኝ ብል መታወቂያዬ ውሸታም ያደርገኛል። ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም።

በሳምንቱ ጀማል መጣ።

ጀማል ሹፌር ነው፣ ቁርጡባ ሰፈር የሚሠራ ሀበሻ። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በሦስት ዓመት ያንሰኛል፤ ኮሮና ባለበት ይሄን ማን ይቆጥራል? መኪናዋን በየቀኑ አጥባለሁ፣ እኔም እሷም ግን የትም አንሄድም ብሎ ጻፈልኝ። ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱ የጻፈውን ሆነ። ሀያት ነኝና አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ እሱም ኢንሻአላህ ይላል፣ በጣም ጨዋ ነን። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ?

አንድ ነገር ግን ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ሁለት ሀበሾች ሦስት ወር ሲያወሩ "የማን ልጅ ነህ?" ሳይባባሉ ይኖራሉ? ሀበሻ እኮ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰውም አገሩንና አባቱን ይጠይቃል። እኔ ያልጠየቅሁት መልሶ እንዳይጠይቀኝ ነው። ሀያት ብዬ ጀምሬ ተሰማ ገብረማርያም ብዬ አልጨርስ! እሱስ ለምን አልጠየቀኝም? ያኔ ጨዋነቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰዓዳ ስትሰማ ተቆጣች። በኛ ሃይማኖት ስም ባል አትፈልጊም፣ ዛሬውኑ ንገሪው አለችኝ። ብነግረው ይሄዳል አልኳት። ይሂድ! ውሸት ላይ የተሠራ ጎጆ ክረምት አይዘልቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነሐሴ ገባ። ከነሐሴ ጋር ፍልሰታ ገባ፤ ጦም ያዝኩ። መስከረምም ቀረበ።

ያኔ መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ጀማል የአሠሪውን አሮጊት እናት ጃብሪያ ሆስፒታል ይዞ እንደሚመጣ ጻፈልኝ። እኔም የማዳም ቫይታሚን አልቋል ብዬ ፋርማሲ ለመሄድ አስፈቀድኩ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በዚያ የነሐሴ ሙቀት፣ በመኪና ማቆሚያው ጥላ ስር ተገናኘን። ማስክ አድርገናል። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። ዓይኑ ይስቃል።

ባዶ እጁን አልመጣም። ሁለት የዶሮ ሳንድዊች ይዟል። አንዱን ሰጠኝ።

እስቲ ቦታዬ ላይ ሁኑ። ፍልሰታ ነው። ያውም ገና አምስት ሰዓት። ያውም ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ፣ በአገሬ ልማድ የማልነካው። እምቢ ብል ማንነቴ ይታወቃል። ብበላ ማርያምን ምን እላታለሁ? ማስኬን ማውለቅ ፈራሁ፣ በሽታው አስጊ ነው አልኩት። ልክ ነሽ፣ እኔም እፈራለሁ አለኝ። ሳንድዊቹን ይዘን ቆምን። ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ አሮጊቷ ጉልበት አወራን። አንተ ብላ እንጂ እለዋለሁ፣ ሆዴን ትንሽ አሞኛል ይለኛል። ድርቅ ብለን እንደ ሻማ ያዝነው። በመጨረሻ አንዲት የመንገድ ድመት መጥታ እግራችን ስር ተቀመጠች። ሁለታችንም እኩል ጎንበስ አልን። እኩል ሰጠናት።

ቀና ስል ዓይኖቹ ፈዘዋል።

«ሀያት፣ ምነው ሳትበዪ?» አለኝ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ፍልሰታ ነው» አልኩት። «አስናቀች ነው ስሜ። አታለልኩህ፣ ይቅር በለኝ።»

ሄደ በቃ አልኩ በሆዴ። እሱ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ፈታና ከውስጥ ጥቁር ክር መዘዘ። ማተብ ነው።

«ጌታሁን ነኝ» አለ። «ጀማል ያለኝ ደላላዬ ነው። እኔም ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ሳንድዊቹንም ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ጦመኛ ነኝ!»

በሳቅ ፈረስን። የኔ ማተብ ከቀሚሴ ስር በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ አሳየሁት። እንዲያ ሆኜ ስቄ አላውቅም፤ ኩዌት ከገባሁ ወዲህ ማለቴ ነው። ሲለየኝ፣ ለእናትሽ ደውለሽ አገናኚኝ፣ ነገሩ በወግ ይሁን አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ የማዳምን ቫይታሚን ሳልገዛ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴን በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ጌታሁን በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። ደስታዋ ከስልኩ ሊወጣ ደረሰ። ክርስቲያን ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የወሎ ልጅ ነው። ያቺ የማትቀረው ጥያቄ ብቻ ቀረች። በኛ ዘንድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር፣ ሥጋ አለመሆናቸው ሳይጣራ፣ ጋብቻ የለም።

«የማን ልጅ ነህ ልጄ?» አለችው።

«የሞላ አራጌ።»

«አራጌ የማን?»

«የይመር።»

«ይመርስ የማን?»

«የበላቸው፣ እማማ።»

እናቴ ስልኩ ላይ ደርቃ ቀረች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅሁት።

«የትኛው በላቸው?» አለች ቆይታ። «ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ የነበረው?»

«አዎ፣ ወፍጮ ነበረው ሲሉ እሰማለሁ።»

«ውይ በሞትኩት! ይመር ማለት እኮ የቅድመ አያቴ ወንድም ነው!»

ቆጠረችው። በሱ አምስት ቤት፣ በኔ ስድስት። ሰባት አልሞላም። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። ለሰርጉ እንዳይመስላችሁ። ለዝምድናው ነው። የዚያ ወገን ዘር ከአገር ወጥቶ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል አለች። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች ስልኩን ሳመችው። ወደ እኔ ዞረችና፣ አንቺ፣ አጎትሽ ነው፣ አንቱ በይው አለችኝ።

በሦስት ዓመት የምበልጠውን ልጅ!

ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ሰገነት ላይ ወጥቼ በሰው አንሶላ ዓይኔን ጠረግሁ። ሁለት ቀን እሱም አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም። የነገሩን ክፋት ተመልከቱት። ሀያትና ጀማል ብንሆን ኖሮ ማንም የሚቆጥረን አልነበረም። ሰዓዳ እንኳ ስትሰማ ራሷን ያዘች። በኛ ሃይማኖት ቢሆን እኮ ምንም የለበትም፣ ይህን ምላሴን በቆረጠው፣ ዝም በይ ልልሽ ሲገባኝ አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት ጠርቶ ጠርቶ አጎቴ ሆኖ አረፈው።

በሦስተኛው ቀን ደወለ።

«እንዴት አደሩ?» አልኩት፣ እንደታዘዝኩት።

ለረጅም ጊዜ ሳቀ። የሳቁ መጨረሻ ግን ሳቅ አይመስልም ነበር። ቀጥሎም፣ «አንቺ፣ አሁንም እዚያ አፕ ላይ አለሽ?» አለኝ።

አለሁ አልኩት።

«አጥፊው! ዛሬውኑ አጥፊው! ስንቱ አጭበርባሪ ስሙን እየቀየረ የገባበት ነው። ማንም እየተነሳ የኛን ልጅ ሊያጫውት!»

የኛን ልጅ አለኝ። አፉን ሞልቶ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም። በላሽ ወይ ይለኛል። ምን በላሽ? ማስክሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊው። ያሳለሽ መሰለኝ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እዚህ አገር ስምንት ዓመት ሙሉ ታዝዣለሁ፣ ተልኬያለሁ፣ ተጠርቻለሁ። ለኔ ብሎ የተቆጣኝ ሰው ግን አልነበረም። ለካ ይናፍቃል።

መስከረም ደረሰ። ማዳም ወጥ ቤት መጥታ፣ ሀያት፣ ምን ወሰንሽ አለችኝ። አሳድሺልኝ አልኳት። ደነገጠች። በስልክ የምትስቂለት ሰውዬ ሊያገባሽ ነው አይደል ብላ ዓይኗ በራ።

«አይደለም ማዳም፣ አጎቴ ነው» አልኳት።

አጎት ደግሞ ከየት መጣ አለች። ስምንት ዓመት ስትኖሪ አንድ ዘመድ አልነበረሽም፣ ለመሆኑ ይሄ አጎት ምን ያደርግልሻል?

የማጥበውን ሎሚ አስቀመጥኩ።

«ይቆጣኛል» አልኳት።