አውሽላግ የወጣበት ተውኔት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገሬ ሰው። አቶ ሀብተወልድ ግን ጊዜ የሚያባክኑ ሰው አይደሉምና ጠመጠሙ፤ መማሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ዙሪክ ቪዲኮን ሰፈር፣ ከአንዲት ጸሎት ቤት በልመና በተገኘ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻውን ልጆች አማርኛ ያስተምራሉ። ፊደል ማስቆጠሩ ለክብራቸው ቢያንስባቸው «የጥንት ተውኔትን ከዘመናዊ ዘፈን ጋር በንጽጽራዊ አግባብ የመመርመር መርሐ ግብር» የሚባል ነገር ወለዱ። ልጆቹ «ጠማኝ» ለማለት አፋቸው ገና አልተፈታም፤ ግን ያነጻጽራሉ።

ተውኔቱ የድሮ ነው። የባላባት ልጅ የወደደ ጎረምሳ አባቷ ቢከለክሉት ይሸፍታል፤ በመጨረሻም ደጇ ላይ ይገደላል። ዘፈኑ ያንኑ ታሪክ አሳጥሮታል፤ «ሽፍታዬ፣ ሽፍታዬ፣ እንቅልፍ ነሣኸኝ» ይላል፣ ይደግመዋል፣ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ከጄኔቭ ወይዘሮ ሕብስት መጡ። የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ገምጋሚ ናቸው። እሳቸው ካልወደዱ ክፍሉ ይዘጋል፤ አቶ ሀብተወልድም «መምህር» መባላቸው ይቀራል። ሚስታቸው እንኳ በስማቸው ልትጠራቸው ነው።

ማራኪ የምትባል ተማሪ ተነሥታ አነበበች። በጥንቱ ተውኔት ሽፍታው ከቆላ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ ልጅቱ ተሠቃየች፤ አባቷም ሊያጠፉት ብዙ ደከሙ። በዘመናዊው ዘፈን ግን እንቅልፍ ብቻ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ዘመኑ ተሻሽሏል።

ወይዘሮ ሕብስት ልባቸው ተነካ። ሽፍትነትን እንደ ደዌ ያየ ተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ይህን ሽፍታ እንዴት ተረዳሽው፣ የኔ ልጅ?»

«አልዞ… እንግዲህ፣ አውሽላግ ነው» አለች ማራኪ፣ ጀርመንኛ እየቀላቀለች።

አቶ ሀብተወልድን ላብ አጠመቃቸው። ዙሪክ ለኖረ ሰው አውሽላግ ማለት ቆዳ ላይ ችፍ ብሎ የሚያሳክክ፣ በፋርማሲ ቅባት የሚጠፋ ነገር ነው። ልጅቱ ከእናቷ የሰማችው ሽፍታ እሱን ብቻ ነው፤ ጠመንጃ ያነገተውን ማንም አልነገራትም። ወይዘሮ ሕብስት ደግሞ ኑሯቸው ጄኔቭ አጠገብ፣ ካሩዥ ነው፤ ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል፣ ከጀርመንኛ ግን ወፍ የለም።

«አውሽላግ ምንድን ነው፣ መምህር?»

እውነቱን ቢያወጡ ክፍሉም ማዕርጉም መሄዱ ነው። ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«የጀርመን ሊቃውንት ቃል ነው፣ ወይዘሮ ሕብስት። በውስጥ የታመቀው ወደ ውጭ ሲገነፍል ማለታቸው ነው።»

«ጌናው፣ ልክ ነው» አለች ማራኪ፣ ደስ ብሏት። «ሲያኩት ይብሳል።»

ይህም በክብር ተመዘገበ።

ክፍሉ አልተዘጋም። እንዲያውም ማንኛውም ተማሪ ወደ ዘፈኑ ከመሻገሩ በፊት የተውኔቱን አውሽላግ እንዲያወጣ የሚያዝ መመሪያ ከጄኔቭ ወረደ። አቶ ሀብተወልድም ካሩዥ ድረስ ተጠርተው ስለ አውሽላግ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበላቸው። እየደጋገሙ ሲያወሩት እሳቸውም አመኑት።

በቀጣዩ ፈተና መቅዲ የምትባለው ልጅ አያቷን ጠይቃ ኖሮ «ሽፍታ ማለት ተበድሎ ጫካ የገባ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው» ብላ መለሰች። መምህር ሀብተወልድ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት፤ አዘኑላትም። ዜሮ ሰጧትና ከሥሩ በቀይ ጻፉላት፦

«ላይ ላዩን ነው የነካሽው። ከቆዳው አልፈሽ አልገባሽም።»