የጓሮ ደረጃው አግዳሚ ወንበር

ወዳጅነት ሀብታምና ድሃ እንደማይለይ ለዓለም ያስተማረ ሰው ቢኖር፣ በሕንፃችን ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የፊልም ዳይሬክተር ሙሴ ቮክሬሶን ናቸው። በአራት አስቂኝ ፊልሞች አራት ሀብታሞችን ከአራት ድሆች ጋር አወዳጅተዋል። ፓሪስ በሙሉ ስቃለች፣ አልቅሳለች። እኔም የነዋሪዎች ስብሰባ ጸሐፊ እንደመሆኔ በነፃ ትኬት አራት ጊዜ አልቅሻለሁ።

አምስተኛው ፊልም ረቡዕ ሊወጣ ሲል ቴሌቪዥን አንዲት ትንሽ ነገር ጠየቀ፤ ድሃ ወዳጃቸውን በቀጥታ ስርጭት ያስተዋውቁ። ሙሴ ቮክሬሶን የስልክ ደብተራቸውን አገላበጡ። ሚኒስትር አለ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ሁለት ባሮኖች አሉ። ድሃ የለም። ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል።

ስለዚህ ወደ ሕንፃው ጠባቂ፣ ወደ ፖርቱጋላዊቷ ማዳም ግራሲንዳ ወረዱ። እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፖስታችንን በየደጃችን ያደርሳሉ፤ በጓሮ ደረጃ፣ በእግራቸው። አሳንሰሩ በቁልፍ ነው የሚሠራው፣ ቁልፉም በደንባችን አንቀጽ አራት መሠረት ለቤት ባለቤቶች ብቻ ነው።

«ማዳም ግራሲንዳ፣ ወዳጆች ነን አይደል?»

«ምን ጠፋብዎት ሙሴ?»

«ኧረ ምንም! ማክሰኞ ቴሌቪዥን ላይ ወዳጄ እንዲሆኑልኝ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለአርባ ደቂቃ።»

«እሺ። የአሳንሰሩን ቁልፍ ያሰጡኛል።»

«በእኛ መካከል የቁልፍ ነገር ይነሳል?»

«እርስዎ ኪስ ውስጥ ስላለ ምን ያነሳዋል! የእኔ ጉልበት ግን አልቋል።»

ቃል ገቡ። ማክሰኞ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀረቡ። ማዳም ግራሲንዳ የወዳጃቸውን የጫማ ቁጥር፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚላክላቸውን አይብ ሳይቀር ተናገሩ። «እርስዎስ ስለ እሳቸው ምን ያውቃሉ?» አለ ጠያቂው።

ሙሴ ቮክሬሶን ጥቂት አሰቡ። «ደረጃ መውጣት ትወዳለች» አሉ።

አገር አለቀሰ።

የቁልፉ ጉዳይ ለስብሰባችን ቀረበ። የአራተኛ ፎቋ ማዳም ደላፖርት ተነሱ፦ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ቁልፍ ግን ቀዝቃዛ ብረት ነው። ለእኚህ ሴት ከዚያ የሞቀ ነገር ይገባቸዋል!» ተጨበጨበ። በጓሮ ደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ «ነዋሪና ጠባቂ በእኩልነት ተቀምጠው የሚገናኙበት» አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ ተወሰነ። ቀድመው እጅ ያወጡት ሙሴ ቮክሬሶን ናቸው። ክፉ ሰው ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይል ይሆናል፤ ወንበሩ ግን ጥሩ እንጨት ነበር።

ማዳም ግራሲንዳ ውሳኔውን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወንበሩ በተሠራ ማግስት ፖስታ በማንም ደጅ አልደረሰም። ሙሴ ቮክሬሶን በነጠላ ጫማ ሦስት ፎቅ ወረዱ፤ ማዳም ግራሲንዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ፖስታዬስ?»

«ይኸው አጠገቤ። ይቀመጡ እንጂ፣ እንጫወት።»

«ቸኩያለሁ!»

«ወዳጅ ይቸኩላል እንዴ? ውሳኔው ‹የሚገናኙበት› ይላል። አይብዎም እዚሁ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ይጠብቅዎታል።»

ከሥራ ይባረሩ ያለም ነበር። ግን አገር ያለቀሰላቸውን ሴት፣ ያውም ፊልሙ ገና እየታየ፣ ማን ደፍሮ ያባርራል? እናም በሕንፃችን የሚኖሩት ባሮንም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ እኔም በየማለዳው አሳንሰር በማይደርስባት በዚያች ጠባብ ደረጃ ወጣን፣ ወረድን፣ ስለ ማዳም ግራሲንዳ ጉልበት በዝርዝር ሰማን።

በአሥራ አንደኛው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ቁልፉ እንዲሰጣቸው በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ጥልቅ ወዳጅነት» ብዬ ጻፍኩ። ሙሴ ቮክሬሶን በአንድ እጃቸው ፈረሙ፤ በሌላው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።