ስለ ደመና የተላክን ሽማግሌዎች

እኛ የምደባ ልጆች ነን። እንዲህ ስላችሁ ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእኛ ጊዜ ሰው ትምህርት አይመርጥም ነበር፤ ትምህርቱ ነበር ሰውን የሚመርጠው። ፎርም ይሰጠናል፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ እያልን ሕልማችንን በተራ እንደረድራለን። ከዚያ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አንደኛም ሁለተኛም ሦስተኛም ያላልነው ነገር ከስማችን ጎን ተጽፎ እናገኘዋለን። ጥቂት እናለቅሳለን። ቀጥለን «እሱ ያውቃል» ብለን ሻንጣችንን እንሸክፋለን። ለእኔ የደረሰኝ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ነበር። የሞላሁትን ግን አልነግራችሁም፤ ትስቃላችሁ።

እንግዲህ የእግዜርን ሥራ እዩልኝ፤ ምርጫ በአጠገቧ ያላለፈባት ሴትዮ፣ እኔ፣ ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ልጆች እንዲመርጡ እየረዳሁ እንጀራዬን እበላለሁ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ግራ ሲገባቸው የሚመጡበት ቢሮ አለ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጀርባ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መስከረም ላይ የሚጠይቁኝ መጸዳጃ ቤቱን ነው። ኅዳር ላይ ሶፍት ይፈልጋሉ። የካቲት ሲመጣ ግን ምን እንደሚማሩ መምረጥ አቅቷቸው ፊቴ ይቆማሉ፤ ያኔ አንዲት ቅጽ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። የቅጿ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰዓቱን የሚያስረሳህ ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ልጆቹ ቀላል መስሏቸው እስክሪብቶ ያነሣሉ፣ ከዚያ መስኮት መስኮቱን ማየት ይጀምራሉ። አይፈረድባቸውም። እናንተስ ብትጠየቁ ምን ትሉ ነበር?

ሊዲያ የመጣችው በእንዲህ ያለ የካቲት ነው። አባቷን ተሾመን በቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች የአንዱ ሱፐር ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ማሞቂያ ሲቆም፣ ሊፍት መንገድ ላይ ሲቀር የሚጠራው እሱ ነው። ልጁን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ «ዶክተር» ነው የሚላት። ሕንፃው በሙሉ ዶክተር ነው የሚላት። ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ሊፍት ውስጥ ጉልበታቸውን ገልጠው ያሳዩዋት እናቶች አሉ።

ቅጿን ተቀብላ፣ መስኮቱን እንኳ ሳታይ፣ አንድ ቃል ጻፈች። ደመና።

ቀልድ መሰለኝ። ለካ ልጅቷ ዐሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው ያደገችው፤ አባት ምድር ቤት ቧንቧ ሲጠግን፣ እናት አረጋውያን መጦሪያ ድርብ ፈረቃ ስትሠራ፣ እሷን ያሳደጋት ሰማዩ ነው። ከከተማው ሐይቅ በኩል የሚመጣውን ደመና ከሰሜን ከሚመጣው ለይታ ታውቃለች፤ የትኛው እንደሚያዘንብ፣ የትኛው ታይቶ እንደሚሄድ ትነግራችኋለች። ዩኒቨርሲቲው የአየርን ጠባይ የሚያጠና ክፍል እንዳለው ያወቀች ዕለት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጭንቋ ሌላ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመረጠች ወደ ሕክምና በተያያዘችው መንገድ መቀጠሏ ነው።

«አባዬን መንገር አልችልም፣ እትዬ ማርታ» አለችኝ። «ልቡ ይሰበራል። ሲሪየስሊ።»

ቅጹ የአባት ፊርማ የሚል ቦታ እንደሌለው ነገርኳት። አየት አደረገችኝና «አውቃለሁ፤ ግን ሳይመርቀኝ እንዴት እሄዳለሁ?» አለች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ! አንጀቴን በላችው። ከዚያ ያቺን ሐሳብ አመጣች። «ለአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ልካችሁ የለ? አባቷ እምቢ ሊል ነበር፣ እሺ አለ። ለእኔም ላኩልኝ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጋሽ በቀለ ጋ ደወልኩ። ጡረታ የወጡ ባለታክሲ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ካሉት የእኛ ሰው ትዳሮች ግማሹ በእሳቸው አፍ የቆመ ነው። ነገሩን ስነግራቸው «ለሰው ልጅ እንጂ ለደመና ተልኬ አላውቅም። ግን ቅዳሜ ነፃ ነኝ» አሉ። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። እኔ ሴት መሆኔን በሰው እጥረት አለፉልኝ። ሦስተኛው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ዳዊት፣ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ዊንዘር ከተማ መንገድ ላይ ስለነበር በስልኬ ድምፅ ማጉያ አስገባነው።

ተሾመ በሩን ከፍቶ ጋሽ በቀለን በሙሉ ልብስና በከረባት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ኧረ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው!»

ጋሽ በቀለ ግን አንዴ ከተነሡ የሚያቆማቸው የለም፤ የለመደ አፍ ነው። «የመጣንለት ከከፍተኛ ቦታ ነው» አሉ። «ዘሩ ከጥንት የታወቀ፣ ለድኻም ለሀብታምም እኩል የሚደርስ፣ አገር ሁሉ አንጋጦ የሚጠብቀው…» ጫማቸውን ረገጥኩ።

«ባል አይደለም፣ ወንድም ተሾመ» አልኩት። «ትምህርት ነው። ሊዲያ ሕክምናውን ትታ ስለ ደመና መማር ትፈልጋለች። እንድትመርቃት ልንለምንህ ነው የመጣነው።»

ተሾመ እኔን አየ፣ ጋሽ በቀለን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«ምነው ባል በሆነ!» አለ።

«ወንድም ተሾመ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ!» የሚል ድምፅ ከቦርሳዬ ወጣ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ሦስተኛው ሽማግሌ ነው» አልኩ።

ተሾመ እንደ ወጉ ስለ ሙሽራው መጠየቅ ጀመረ። ደመና ሥራው ምንድን ነው? «ማዝነብ» አሉ ጋሽ በቀለ። እኔ ስለ አውሮፕላን፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ገበሬ የማውቀውን ሁሉ ዘረዘርኩ። ተሾመ ራሱን እየነቀነቀ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው» አለና ድንገት ንግግሩን ገታ። እሱም አገር ቤት ሳለ የተመደበው እንስሳት እርባታ ነበር። ላም ፈርቶ ያደገ የከተማ ልጅ፣ አራት ዓመት ስለ ላም ተምሮ፣ ላም የሚባል በሌለበት ሰፈር የማሞቂያ ቦይለር ይጠግናል።

«እኔ አንደኛ ምርጫዬን ጂኦግራፊ ነበር የሞላሁት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሊዲያ ከመኝታ ክፍሏ በር ላይ ትሰማ ነበር። «አባዬ፣ ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። ወደ እኛ ዞሮ «የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስጡኝ» አለ። ወግ ነውና ሰጠን። ውሃ ሳንቀምስ ወጣን።

በሳምንቱ ሚስቱ አስቴር ደወለችልኝ። «ማርታ፣ ሰውዬውን ምን አድርጋችሁት ነው? የጣሪያ ቁልፍ ይዞ ይወጣል፣ አይወርድም። ሰው ቧንቧ ፈሰሰብኝ ብሎ ሲደውል ቆይ እያለ ነው።» አልዋሻችሁም፣ ደመና ማየቱ እኔም ላይ ተጋብቶ ነበር። ከሰፈሬ ከዳንፎርዝ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ለአንድ አፍታ ሸለቆውን ያሻግረናል። ስንት ዓመት ያችን አፍታ ስልኬን ሳይ አሳልፌያታለሁ። በዚያ ሰሞን ግን አንገቴን ቀና አድርጌ አያለሁ፤ በረዶው ሸለቆው ላይ ተኝቷል፣ ደመናው እንደ ተበጠረ ጥጥ ሳሳ ብሎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፣ ማንም ሂድ ብሎ አልመደበውም። ሁለት ጊዜ መውረጃዬን አለፍኩ። አለቃዬ ባቡር ዘግይቶ መሰላት።

በቀጠሮው ቀን ተሾመ ሳናንኳኳ ከፈተ። ቆመን ጠበቅን። ልጁን ጠርቶ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «መርቄያለሁ» አለ። «የደመናም ዶክተር አለ አሉ፤ ስምሽን መቀየር አያስፈልግም።» ሊዲያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጋሽ በቀለ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ እኔ ሶፍት ፈለግሁ።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ተሾመ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌ ከመጣ አይቀር…» አለና ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመ። ሊዲያ የዚያችን ቅጽ ባዶ ቅጂ ሰጥታው ኖሮ ሞልቷታል። በሳምንት ሁለት ምሽት የጂኦግራፊ ትምህርት አግኝቷል፤ በዚያ ሰዓት የሕንፃውን ስልክ ልትይዝለት የምትችለው አስቴር ብቻ ናት። «እኔ ብጠይቃት ትስቅብኛለች። እናንተ ግቡልኝ» አለ።

ገባን። አስቴር የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ዕቃ ታጥባለች። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጣንበትን በወጉ ተናገሩ። ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን አደራረቀች።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለች።

«ምነው ልጄ፣ ለሁለት ምሽት ይሄን ያህል?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ለእሱማ አይደለም፤ እሱ ይማር፣ ስልኩን እይዛለሁ። ለእኔ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ቅጽ አየች። «አንብቤያታለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓቱን የሚያስረሳሽ ነገር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ምን እንደምመልስ አላውቅም።»

ሽርጧን ፈታች፣ ከበሩ ጀርባ የጣሪያውን ቁልፍ አነሣችና ወጣች። ጋሽ በቀለ ወንበር ስበው፣ ማንም ቁጭ በሉ ሳይላቸው፣ ተቀመጡ።

«ምን አለች? እሺ አለች?» አለ ዳዊት ከቦርሳዬ ውስጥ።

ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁና «ቁልፉን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች» አልኩት።