የክቡር አማካሪው መጠይቅ

ልጅ የጥናት ጽሑፍ በታዘዘበት ቤት ሁሉ ሳይጠሩት ከች የሚል አንድ አማካሪ አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት አጎት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲን በአጥሩ በኩል ያየ የአክስት ልጅ። እዚህኛው ቤት አባት ናቸው።

ክቡር አማካሪው በአንድ ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከእጃቸው ወጥታ አታውቅም። ይህ ጠባያቸው ታዲያ ከሥራ ልብሳቸው ጋር አብሮ አይወልቅም። ገበታ ላይ ጨው አነሰ ያለ ሰው፣ «ማስረጃ አለህ?» ይባላል። ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ ልብስ ከገመድ ላይ የሚያነሳም እንዲሁ።

አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው «ተማሪዎች ለምን ያረፍዳሉ?» የሚል ጥናት ታዘዘች። ፈተናው ላይ አልቀናትም ነበርና ከመውደቅ የሚያተርፋት ይህ ወረቀት ብቻ ነበር። ቶሎ ሠርታ ልትገላገለው አሰበች። አባት ሆዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ማርፈድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንስማማ። ጥናት ቀልድ አይደለም።»

አንድ እግሩን ከበሩ ያስገባ፣ ሌላው እግሩ ግን ደጅ የቀረ ተማሪ አርፍዷል ወይስ አላረፈደም? በዚህ ጉዳይ ብቻ ሳምንቱ ተጋመሰ። ልጅቷ መልስ ያገኘች በመሰላት ቁጥር እሳቸው የበሩን ስፋት ይጠይቃሉ። እናት ከጓዳ ሆነው፣ አባትሽ እኮ አምፖል ሲቀይርም መጀመሪያ የጨለማን ትርጉም ነው የሚጠይቀው አሏት።

እንደምንም መጠይቁ ተዘጋጀ። ማስረከቢያው ነገ ሊሆን ዛሬ፣ አባት ሥራ ቦታ ኮፒ አድርገው ለምሳ ሊያመጡላት ተስማሙ። እሷም ለሰፈሩ ተማሪዎች በትና፣ ሰብስባ፣ ማታውን ልትጽፍ ነው። ምሳ አለፈ፤ አባት የሉም። አመሻሹ ላይ ፊታቸው በርቶ፣ ክምር ወረቀት ታቅፈው ገቡ።

«ጊዜ ቆጠብኩልሽ። ሁሉንም አስሞልቼልሻለሁ።»

የሞሉት መካኒኮች፣ ቀለም ቀቢዎችና ጎማ ጠጋኞች ነበሩ። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» በሚለው ላይ አንድ ሽማግሌ በያጅ፣ «ከስድስተኛ አቋርጫለሁ፤ መመለስ ይቻላል?» ብለው ጽፈዋል። «አርፍደህ ታውቃለህ?» ለሚለው ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ «በፍጹም» ብለዋል። ምን ያድርጉ? የጋራዡን የአርፋጆች መዝገብ የሚይዙት እኚሁ አባት ናቸው።

«አባዬ፣ ጥናቱ እኮ ስለ ተማሪ ነው» አለች ልጅቷ።

«ሰው ሰው ነው» አሉ አማካሪው። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያገላብጡ ጀመር።

ልጅቷ አለቀሰች። መቼም አንተ የምታጠናው ለራስህ ነው፣ የምወድቀው ግን እኔ ነኝ አለቻቸው። ክፉ ቃል ነበር፤ ከአፏ ሳይወጣ ቆጭቷት ነበር። አባት ግን ለዚህ ማስረጃ አልጠየቁም። ክምሩን ሰብስበው መልሰው ታቀፉት፤ ይህም ከንዝንዛቸው ይልቅ ከበዳት።

በማግስቱ መምህሯን ልትለምን ባዶ እጇን ስትሄድ፣ መምህራን ክፍል በር ላይ አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። አባቷ ናቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ ለመምህሯ። «እሷ በጊዜ ትጨርስ ነበር፤ ያዘገየኋት እኔ ነኝ።»

መምህሯ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ማስረጃ አለዎት?»

ክቡር አማካሪው የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው ዞሮ ሲመጣባቸው ለአፍታ ደነገጡ። ከዚያ ከብብታቸው ሥር ክምሩን አውጥተው ሰጧት። መምህሯ የበያጁን መልስ ስታነብ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻም ጊዜ ሰጠች። አባት አመስግነው እየሮጡ ወጡ፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ መኖር አሳር ነው። ከቤት የጠፋ ቀን ግን ቤቱ ጭር ይላል።

ማታ ልጅቷ በአዲስ ኮፒ አስሞልታ ከትምህርት ቤት የሰበሰበቻቸውን መልሶች ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድ ያልተሞላ ወረቀት ተርፏት ነበር።

«አባዬ፣ አርፍደህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ» አሉ። መዝገቡ ላይ የራሳቸውን ስም በራሳቸው እጅ ጽፈው ነው የመጡት።

«ምክንያት? ትራንስፖርት፣ እንቅልፍ፣ የቤተሰብ ጉዳይ።»

ጥቂት አሰቡ። «መጨረሻ ያልሽውን አድርጊው።» ከዚያ ደንገጥ ብለው ወረቀቱን በእጃቸው ሸፈኑ። «ቆይ፣ ቆይ። እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ጥናቱን አበላሽብሻለሁ።»

«ሰው ሰው ነው» አለች ልጅቷ፤ እጃቸውን ቀስ ብላ አንስታ ምልክቱን አደረገች።