ሁላችንም ደህና ነን

«ለሰው ተመስገን በል፤ ዝርዝሩን ለፈጣሪህ ንገር» ይል ነበር አባቴ። ጥርሱን ሲያመውም ተመስገን፣ በቅሎ ስትጥለውም ተመስገን። እኔም ይህንኑ ይዤ ሲያትል ገባሁ። ደግ ምክር ነው። ግን ሐኪም ከየትኛው ወገን ነው የሚቆጠረው? ይህን ሳይነግረኝ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ አስካለ እንቅልፍ አጣች። ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። አንድ ቀን ልታነጥፈው የገባችው አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች ሱፐርቫይዘሯ ደረሰችባት። ብትደግሚው ሥራ የለሽም አለቻት። እኔ ምን ላድርግ? ጸለይኩ። ጠበል አመጣሁላት። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት፣ ምን አለብኝና፣ ተመስገን! ትለኛለች። ለካ የአባቴ ምክር ተጋብቶባታል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሻችን፣ ጠና ያሉ ቻይናዊት የባህል ሐኪም መጡ። የሰው ሰውነት ከተፈጥሮው ይለያያል አሉን፤ ብርዳም አለ፣ ሙቀታም አለ፣ ትንፋሽ የሚያንሰው አለ፣ እርጥበት የሚበዛበት አለ፣ ሐሳብ ሆዱ ውስጥ የሚቋጠርበትም አለ። ሚዛኑ የተስተካከለ ግን ጥቂት ነው። ይህንኑ እየዞሩ ያጠናሉ፤ ጃክሰን መንገድ ያሉትን ቬትናሞች ጠይቀው ጨርሰዋል። አሁን ሐበሻ የትኛው ይበዛበታል ነው ጥያቄያቸው። ችግር ላገኙበት ሕክምናው በነጻ! ነርስነት የምትማረው ሰላም አስተርጓሚ ሆነች።

ጋሽ በዛብህ ቀድመው ቀረቡ። ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ተመስገን!»

«አዎ ነው፣ አይደለም?»

«ልጄ፣ ተመስገን ነው!»

እትዬ ብርቄ በሲያትል የሐምሌ ሙቀት ሹራብ ደርበው ነው የሚውሉት። ብርድ ይሰማዎታል ቢባሉ «ክብር ምስጋና ይግባው» ብለው ተነሡ። ሌላውም እንዲሁ። ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣ እንዲህ ሚዛኑ የተስተካከለ ሕዝብ በዕድሜዬ አላየሁም፣ ምንድን ነው የምትበሉት አሉ። አዳራሹ በኩራት ሳቀ። ጤና እንደዚህ በአፍ ይገኛል እንዴ?

የአስካለ ተራ ደረሰ። እንቅልፍስ? «ተመስገን፣ እተኛለሁ።» ጌታ ሆይ አናግራት አልኩ በልቤ። ሶ፣ እኔው ጮኽኩ።

«የሌሊት ሥራዬን ትቼ ቤት ማደር ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«በሰው ፊት?» አለች አስካለ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«በሰው ፊት! ከሥራ ስትባረሪስ ማን ፊት ሊሆን ነው?»

ጋሽ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... እንዲያ ከሆነ፣ እኔንም ደረጃው ትንሽ...» አሉ። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ምን ልንገራችሁ፣ ሰልፉ እንደ አዲስ ተሠራ! ያ ሁሉ ደህና ሕዝብ ሕመሙን ነጠላው ሥር ይዞ ነው የተቀመጠው። ቄሱ ራሳቸው ወገባቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሰው እየሳቀ ሲናዘዝ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሟ የአስካለን እጅ ይዘው ትርታዋን አዳመጡ፣ ምላሷን አዩ። ምንም አላገኙም። ታዲያ ምንድን ነው የሚቀሰቅስሽ? አስካለ ወደ እኔ አየት አደረገችና በሰላም ጆሮ አንሾካሾከች። ሰላም አፏን በመዳፏ ይዛ ለሴትዮዋ አስተላለፈች። ሴትዮዋ ወንበር ሳቡ፤ በጣታቸው ጠሩኝ። ያሉኝን ሰላም ሳታዛባ፣ በአክብሮት፣ እንዲህ ብላ ተረጎመችልኝ፦

«ባለቤትዎ ደህና ናቸው። የሚያንኮራፋ ሰው እርጥበት የበዛበት ነው። እርስዎ ይቀመጡና ምላስዎን ያውጡ።»