ማርሚታ መራጩ አብዱልሃሚድ

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። ገበያ ወርዶ ቲማቲሙን ሲያገላብጥ ውሎ ባዶ ዘንቢል ይዞ የሚመለስ፣ ለልጁ ስም ሲያማርጥ ልጁ ድክ ድክ ማለት የሚጀምርበት ሰው የማያውቅ ማነው? እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ሕመም አያሸንፈውም፤ ምርጫ ነው የሚጨርሰው። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ብለው የተረቱት አባቶች የሐይቅ ከተማውን አብዱልሃሚድን ሳያዩ መናገራቸው ይገርማል። ጎረቤቱ አሰገደች ግን አይታዋለች። ስንት ዘመን ሙሉ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ተለያይተው ኖረዋላ።

አብዱልሃሚድ በያጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አንድ ሥራ ግን ጨርሶ አያውቅም። ሚስትም አላገባ። አንዷን ቁመቷ አጠረ፣ አንዷን ሳቋ በዛ፣ አንዷን ወንድሟ ተቆጪ ነው እያለ ጢሙ ሸበተ። የሚያበዛት ቃል አንዲት ናት፦ «ይኼ እንኳ ለጊዜው ነው።» የቤቱ በር ለጊዜው ነው፣ አልጋው ለጊዜው ነው። አሰገደች አንዳንዴ፣ «አብዱ፣ አንተስ ራስህ ለጊዜው ነህ እንዴ?» ትለዋለች።

ለውጡ የመጣ ጊዜ አገሩ ሁሉ አንድ ነገር ለመጀመር ተነሣ። አብዱልሃሚድም፣ «ከእንግዲህ ቱሪስት ይጎርፋል» ብሎ፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቮልስ የወጣ ሞተር አግኝቶ፣ ጣሪያም በርም የሌላት፣ ሁለመናዋ ቱቦ፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሆነ መኪና በየደ። ከሐይቁ ዳር አርዲቦ፣ ከአርዲቦ አምባሰል ዳገት እንግዳ ሊያመላልስባት ነው። ሰው «አንበጣ» አላት። አንበጣ ጎማዋም መሪዋም ወንበሯም አለቀ። የቀራት የጭስ ማውጫዋን ጩኸት የሚያፍንላት ማርሚታ ብቻ ነበር።

በዚያ ማርሚታ ሦስት ዓመት አለፈ ብላችሁ ማን ያምናል?

መጀመሪያ ያስቸገሩት አራቱ የጭስ ቱቦዎች ነበሩ። ከሞተሩ ወጥተው አንድ ላይ እስኪገናኙ ድረስ እኩል መሆን አለባቸው ብሎ በሲባጎ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲቀጥል ከረመ። «አንዱ ካጠረ፣ እትዬ፣ ርስት ላይ እንደተጣሉ አራት ወንድማማቾች ነው የሚሆኑት» ይላታል። ቱቦዎቹ ሲታረቁ ማርሚታው ተነሣ። የኢሱዙ ማርሚታ አምጥቶ ገጠመ፤ ከበዳት። የራሷን የቮልስ ማርሚታ መለሰ፤ ዝም አለች፣ ግን ዳገት ላይ ታፈነች። ማርሚታውን ትቶ ባዶ ቱቦ ቢያደርግላት ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው፤ ጩኸቷ ግን ገዳሙንም መስጊዱንም አስቀየመ። ደግሞ በውስጡ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ቢጠቀጠቅ ጩኸቱን ይበላል አለና ሰፈሩን ሽቦ አሳጣው። ሽቦው አልበቃ ሲለው ቃጫ ጠቀጠቀበት። ቃጫው ተቀጣጥሎ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን አንሥቶ ሮጠ።

«ቃጫ እሳት ይችላል ያለህ ማነው?» አለችው አሰገደች።

«የቃጫ ገመድ በሬ ይችል የለም እንዴ!»

ዳኛዋ እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ይጠራታል።

«እትዬ፣ ጆሮዎ ሥራ ፈቷል፤ እስቲ ይኼን ይስሙልኝ።»

«ሰማሁት። ጆሮዬም ሥራ አገኘ፣ ራሴም ፍልጠት አገኘ።»

«ከትናንቱ አይሻልም?»

«የትናንቱ አህያ ነበር፣ የዛሬው ጅብ ነው። እንግዲህ ምረጥ፣ ሊቀ ማርሚታ!»

«ኧረ እኔ እስላም ነኝ፤ ሊቅነቱን ለደብርዎ ይተዉልኝ። ይኼ እንኳ ለጊዜው ነው።»

ጦርነቱ በውጫሌ በኩል ሲጠጋ አሰገደች ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታ ነበር። ልጇ ማርያማዊት አዲስ አበባ ናት፤ ስልኩ ተቋርጧል። ቃሬዛ ደግሞ አራት ጎልማሳ ይፈልጋል። ሁሉም ልጁን አዝሎ፣ እናቱን እየጎተተ በሚሸሽበት ቀን አራት ጎልማሳ ከየት ይመጣል? ጎረቤቶቿ ውሃና ዳቦ ራስጌዋ አኑረው፣ ጉልበቷን ስመው ሄዱ። አልፈረደችባቸውም። ተኝታ የሰው እግር ኮቴ እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ አዳመጠች። በመጨረሻ የቀረው የከባድ መሣሪያው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ያኔ አብዱልሃሚድ በሩን ገፍቶ ገባ።

«እትዬ፣ ከአርዲቦ በላይ እህትዎ ዘንድ እንውጣ።»

«በምን?»

«በአንበጣ።»

«ማርሚታ የላትማ።»

«እሱን ነው የምጠይቅዎ። ዝም የሚለው ዳገቱ ላይ ያፍናታል። የሚጮኸው ያወጣናል፣ ግን ያስተኩስብናል። የቱን ላድርግ?»

«አብዱ፣ በፈጠረህ፣ አንድ ቀን እንኳ ራስህ ምረጥ!»

ወጥቶ ሄደ። ከውጭ የብረት ኳኳታ ሰማች። ሲመለስ፣ «ሁለቱንም» አላት። «ሜዳውን በዝምታ፣ ዳገቱን በጩኸት።»

በፍራሽ ጠቅልሎ፣ ከራስጌዋ ውሃ ጋር ወንበሩ ላይ አሰራት። ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዘው ሲሄዱ አንበጣ እንደ ድመት ነበር የሄደችው፤ ያየቻቸው ወፍ ብቻ ናት። ከአርዲቦ በላይ ያለው ዳገት ሥር ሲደርሱ ሞተሯ ታፍኖ ጠፋ። ማርሚታው መነቀል አለበት፤ ግን እንደ ፍም ግሏል።

«እስኪበርድ እንጠብቅ» አለች።

ዞሮ አየ። ከኋላቸው መንገዱ ላይ አቧራ ተነሥቷል።

«ውሃውን አፍስስበት እንግዲያ!»

«የእርስዎ መጠጥ ነው፤ ስንት ቀን እንደምንቆይ አላህ ነው የሚያውቀው።» ሽርጡን ፈቶ መዳፎቹ ላይ ጠቀለለና ማርሚታውን ያዘ። ሽርጡ ተቃጠለ። አብዱልሃሚድ አልለቀቀም፤ «ያረቢ፣ ያረቢ» እያለ ነቅሎ ጣለውና ባዶውን ቱቦ ገጠመ። ሽታውን አሰገደች እስከ ዛሬ ለማንም አታወራም።

ከዚያ ዳገቱን እየጮኹ ወጡት። በደረሱበት መንደር ሁሉ ሰው «ታንክ መጣ!» እያለ ገደል ገባ። የእህቷ መንደርም ጭር ብሎ ጠበቃቸው፤ በሩ ሁሉ ተዘግቷል። አሰገደች ታስራ በተቀመጠችበት ጮኸች።

«ኧረ ሰዎች! እኔ የወልዴ ልጅ አሰገደች ነኝ!»

ከቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ «አሰገደች ከሆንሽ፣ ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አላት።

«አብዱልሃሚድ ነው! መርጦ ጨርሶ ነው!»

ሰው እየሳቀም እያለቀሰም ከየጉድጓዱ ወጣ። እሷን አውርደው አስገቧት፤ የእሱን መዳፍ ያየ ሰው ግን አልሳቀም። ሌሊቱን እሬት ቀቡለት እንጂ ሐኪም ከየት ይምጣ። በማግስቱ ጩኸቱን የሰሙ ታጣቂዎች መጥተው አንበጣን ወሰዷት። በኋላ ውጫሌ መንገድ ዳር ተቃጥላ አጽሟ ተገኘ።

ጊዜው ሲረጋ ሐይቅ ተመለሱ። ለቅሶ ያልተቀመጠበት ቤት አልነበረም። ከሸሹት ጎረቤቶች መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። የአብዱልሃሚድ ብየዳ ማሽን ተዘርፏል፤ ቢኖርም ማን ይይዘዋል? ጣቶቹ አይታጠፉም። መዳፉ ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም።

አሰገደች አሁን በምርኩዝ በሯ ድረስ ትወጣለች። እሱ ደግሞ ለሌለች መኪና ማርሚታ ያማርጣል። ከቁራሌው ዘንድ አንድ ብረት በክንዱ አቅፎ ይመጣና ጭኗ ላይ ያኖረዋል።

«እትዬ፣ የኔ መዳፍ አይነግረኝም። እስቲ ይዳስሱልኝ፤ ስንጥቅ አለው?»

ባለፈው ሰሞን ያመጣውን ማርሚታ በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ስንጥቅ የለውም፤ ብየዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲፈልገው የኖረው እሱ ነው። ቀና ብላ አየችው፤ የሞቱ የሚመስሉትን መዳፎቹን በብብቱ ሸጉጦ አፍ አፏን ያያል። ነገ ጠዋት የሚፈልገው ነገር ከሌለ ይህ ሰው ወዴት ይሄዳል? በዚህ በርስ ማን ይመጣል?

«አለው» አለችው።

«የቱ ጋ?»

«እዚህች ጋ። ቀጭን ናት። ሌላ ፈልግ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አለ አብዱልሃሚድ። ማርሚታውን አቅፎ፣ ፊቱ ቦግ ብሎ፣ በአጥሩ ጥግ ወጣ።